ማንደጃው ከዲስኩ አጠገብ

አንዳርጋቸው የተገኘው ግንባሩን ከሥራ ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ነበር። ከኋላው ለሚያየው ሰው ሥራ አድክሞት ጥቂት ሸለብ ያደረገ ይመስላል። አጉሊ መነጽሩ ከራሱ ሳይወልቅ ወደ ጆሮው ተንሸራቷል። በፊቱ ክዳኑ የተነሣ የኮምፒውተር ዲስክ አለ፤ ቀጭኑ መበየጃ እንደ ጋለ ከዲስኩ ሆድ ውስጥ ወድቆ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። ከወንበሩ በስተቀኝ ደግሞ አመድ የለበሰ የከሰል ማንደጃ ተቀምጧል።

ደባርቅን በሐምሌ የምታውቋት ታውቃላችሁ። ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ተነሥቶ ሲወጣ ከተማው ሁሉ ይከናነባል፤ ቀትር ላይ እንኳ ፀሐይ በየት በኩል እንዳለች አይለይም። የዚያን ዕለት ጧት ደግሞ በረዶ ጥሎ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን፣ በተዘጋ ቤት፣ ከከሰል አጠገብ ሰው ሞቶ ሲገኝ ብዙ የሚጠይቅ የለም። ሳጅን ገዱም ኢንስፔክተር ባንቻየሁ እስክትደርስ ሥራው ያለቀ ያህል ደብተሩን አጥፎ ነበር የጠበቃት።

«ከሰል ነው ኢንስፔክተር» አላት። «ዘንድሮ ሦስተኛችን ነው።»

«ሁለቱን እኔም አይቻቸዋለሁ» አለችና ገባች።

ባንቻየሁ የዳባት ልጅ ናት። ከሃምሳ ሁለት ዓመቷ ሃያ ስድስቱን በፖሊስነት አሳልፋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች፤ ስለዚህ ብቻውን የኖረን ሰው ቤት ለማወቅ ጊዜ አይፈጅባትም። አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ፣ ለእንግዳ የማይሆን አንድ ወንበር። መስኮቱ ዳር እስከ ዳር በላስቲክ ታሽጓል። በበሩ ላይ ከላይ እስከ ታች ነጭ አንሶላ ተንጠልጥሏል፤ ስትነካው ርጥብ ነው።

ጎንበስ ብላ የሟቹን ከንፈርና ጥፍር አየች። በከሰል ጢስ የሞቱት እነዚያ ሁለቱ ሰዎች ከንፈራቸው ቀልቶ፣ በቁም ካለው ሰው ይልቅ ጤነኛ መስለው ነበር። የአንዳርጋቸው ከንፈር ግን ጠቁሮ ወደ ሰማያዊነት ሄዷል። ከዚያ ዲስኩን አየች። መስተዋት በመሰለው ክብ ሳህኑ ላይ ስስ የአመድ ብናኝ ተነጥፏል። ከሳህኑ ጎን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ የማር ቀለም ያለው ሪባን አለ፤ መረጃውን ከሳህኑ ወደ ውጭ የሚያወጣው የሽቦ መንገድ እሱ ነው። ሪባኑ በአንድ በኩል ነፍቶ ተጠብሷል። የመበየጃው ሙቀት መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዟል።

ከዚያ በኋላ ለገዱ የነገረችው ጥቂት ነው። ክፍሉ ይታሸግ፤ ስለ ዲስኩ መቃጠል ለማንም እንዳይነገር፤ አስከሬኑን የሚያየው ሐኪም የአፉን ውስጥ ደኅና አድርጎ ይመልከት።

የግቢው ባለቤት እማማ እታለም ከበረንዳው ጫፍ፣ ከእርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከአራት ዓመት በፊት በጥር አንድያ ልጃቸው ሚናስ ዳባት ሠርግ ውሎ ሲመለስ መኪና ገጭቶት ሞተ፤ የገጨው እስከ ዛሬ አልታወቀም። አንዳርጋቸው ከመካነ ብርሃን መጥቶ የጓሮአቸውን ክፍል የተከራየው በዚያው ክረምት ነው። እናት አባቱ የሞቱ፣ አንድ ወንድሙ በመተማ በኩል ሄዶ የቀረ፣ ቃል የሚያጥረው ሰው ነበር። የሞተ ዲስክ ከፍቶ፣ ያንን ስስ ሪባን በመርፌ ጫፍ በሚያህል መበየጃ እየበየደ ያስነሣል ሲባል ከጎንደር ድረስ ይላክለት ነበር። ሥራ ሲያርፍ ከእማማ እታለም ማንደጃ አጠገብ መጥቶ ይቀመጣል። ብዙም አያወሩም። እሳቸው ሱፍ ይፈለፍላሉ፣ እሱ እጁን ይሞቃል። ይኸው ነበር የሁለቱ ቤተሰብ።

ባንቻየሁ አጠገባቸው ስትቀመጥ እማማ እታለም እጃቸውን አጣምረው ዘረጉላት።

«እሰሪኝ ልጄ» አሏት። «እኔ ነኝ።»

ነገሩን በዝግታ፣ አንዲት ቃል ሳይዘሉ ተናገሩ። ጧት ለሚካኤል ማኅበር ጎረቤት ሊያግዙ ሲወጡ ማንደጃውን በረንዳው ላይ እንደ ነደደ ትተውለት ነበር። በሩ ላይ ሲደርሱ በረዶው ሲጥል አይተው ዞር አሉና «ብርዱ ከጸናብህ ማንደጃውን አስገባው» ብለው ጮኹለት። ቀትር ላይ ተመልሰው አንሶላውን ሲገልጡ ከደጃፉ አላለፉም፤ ማንደጃውን አዩ፣ እሱን አዩ፣ በቃ።

«በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አስገብቶት ያውቃል?» አለች ባንቻየሁ።

«ምን ሲደረግ። አመድ ጠላቴ ነው ይል ነበር። ዛሬ ግን በረዶ ጣለ፤ እኔም ተናገርሁ። ሰማኝ።» አሮጊቷ መሬት መሬቱን አዩ። «ደግሞ ለእኔ ሲል ነው ከዚያ ወንበር ያልተነሣ። ሚናስ የጨፈረበት የዳባቱ ሠርግ ያለበት ዲስክ ሞቶ ነበር። ልጅዎን አሳይዎታለሁ ብሎኝ ሁለት ወር ሙሉ ሲታገል ነው የከረመ።»

በማግስቱ ቀብሩ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የዕድሩ ዳኛ ድንኳኑ የት ይተከል፣ ለቅሶ ተቀባዩስ ማን ነው ብለው ጠየቁ። የሁሉም ዓይን ወደ እማማ እታለም ሄደ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «በገዛ አፌ ለገደልሁት ሰው፣ እግዜር ያጥናሽ እየተባልሁ ልቀመጥ?» አሉና ነጠላቸውን ጠቅልለው ብቻቸውን ሄዱ። ሌላ ዘመድ አልነበረም። ድንኳኑ ከዕድሩ ቤት ሳይወጣ ቀረ፤ ሰዉም ጥቂት ቆሞ፣ አንዱ አንዱን አይቶ፣ በየቤቱ ተበተነ።

ባንቻየሁ ብዙ ቀብር አይታለች፤ የሚያጽናኑት ሰው ያጣ ቀብር ግን አይታ አታውቅም። ነገ ሠልስቱ ነው። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ለአንዳርጋቸው መቀመጥ የሚባል ነገር አይኖርም፤ አሮጊቷም የቀረ ዕድሜያቸውን ያቺን አንዲት ቃል እያኘኩ ይጨርሱታል። ሐኪሙ በዚያው ቀን ጠራትና በሟቹ ጥርሶች መካከል ያገኘውን ነጭ ክር በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። ክሩን በጣቷ አሸችው። የአንሶላ ክር ነበር።

በዚያ ጧት ግቢው ውስጥ ሲጮኹ የተሰሙት የኔታ ገብረ ሚካኤል ናቸው። የዜማ መምህር ናቸው፤ ከመካነ ብርሃን ወዲያ ካለ ደብር በጭነት መኪና መጥተው ከአንድ ዘመዳቸው ቤት አርፈዋል። የሞቱት መምህራቸው ያዜሙት ሁሉ የተቀረጸበት ዲስክ ነበራቸው፤ ከፋሲካ ጀምሮ አንዳርጋቸው ዘንድ ተቀምጧል። ባንቻየሁ ስትጠይቃቸው ቆጣ አሉ።

«ጮኼበት ነው የሞተው?»

«የለም የኔታ። ገብተው ነበር ወይ ነው የምልዎ።»

«ማን አስገብቶኝ። እኔ ቅኔ ማኅሌት ስገባ ሰው የሚነሣልኝ ሰውዬ፣ እሱ በአንሶላው ጥግ አንድ ዓይኑን አውጥቶ ‹የኔታ፣ ጋቢዎ አቧራ አለው፣ እዚያው ይቁሙልኝ› አለኝ። መቅደስ ያጠነ መሰለው። አንሶላውን ውኃ እያርከፈከፈ ነበር፤ አቧራ እንዳይገባበት።»

«ማንደጃውስ?»

«በረንዳው ላይ ነበር። እጄን ሞቄበት ነው የሄድሁ። ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው።» ከዚያ ድምፃቸው ረገበ። «የእኔን ዲስክ ገና አልነካሁትም አለኝ። አስቀድሞ በማይድን ዲስክ ላይ እጁን ሳያፍታታ የሰው ዲስክ አይከፍትም። ይህ እንኳ አስደስቶኛል። ቁም ጸሐፊም ብራናው ላይ ከመቅረቡ በፊት በቁራጩ ብዕሩን ይሞክራል። ደኅና ልጅ ነበር፤ ተቆጥቼው መለየቴ ነው የቆጨኝ።»

ባንቻየሁ እንደ ልማዷ ደብተሯ ላይ ምንም አልጻፈችም። አመስግናቸው ወጣች።

በመካነ ብርሃን መንገድ ኢሱዙ የሚነዳው ደርቤ ደግሞ የኔታን አምጥቶ ያወረደ፣ በዚያ ጧትም ግቢውን ያንኳኳ ሰው ነው። ሚናስ ከሞተ ጀምሮ ከተማው በሐሜት የሚያየው ደርቤን ነበር፤ በዚያ ቀን ዳባት መኪና አቁሞ ስለ ታየ ብቻ። እማማ እታለም ሰላምታውን ተቀብለውት አያውቁም። ባንቻየሁ መኪናው ሥር ተኝቶ ዘይት ሲቀይር አገኘችው፤ ከዚያው ሳይወጣ መለሰላት።

አንዳርጋቸው ስለ ዳባቱ ዲስክ ነግሮት እንደ ነበር አልደበቀም። ሠርጉ የተቀረጸበት ቢነሣ፣ ሚናስ በእግሩ ሲወጣ የደርቤ መኪና ገና ከዳሱ አጠገብ ቆማ ትታያለች። ስለዚህ በየሳምንቱ ‹ደረሰ ወይ› እያለ ይወተውተው ነበር። በዚያ ጧትም ለዚያ ነው የመጣ፤ ገና በረዶው ሳይጥል አንኳኩቶ፣ ገና ነው ተብሎ ተመለሰ።

«እኔ ያን ሰው ልገድለው?» አለ ከመኪናው ሥር። «እኔን ከዚህ ጉድ የሚያወጣኝ እሱ ብቻ ነበር። ይልቅ ሙሌን ጠይቂው። አንዳርጋቸው ዋዜማውን ከሰዓት በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ስቱዲዮው ሲገባ አይቼዋለሁ። ሲወጣ ሰላም ብለው አልሰማኝም።»

ሙሌ በዋናው መንገድ ላይ የቪዲዮ ስቱዲዮ አለው። ደባርቅና ዳባት ውስጥ ያገባ ሰው ሁሉ በእሱ ካሜራ ፊት አልፏል። ፈገግታው ፈጣን፣ እጁም ለጋስ ነው፤ ባንቻየሁ ሳትቀመጥ ሻይ አዘዘላት። የግራ እጅጌውን እስከ መዳፉ ስቦት ነበር፤ ብርጭቆውን ሲያቀብላት ግን ከፍ አለ። ከእጁ አንጓ በላይ የገብስ ቅንጣት የምታክል ጠባብ ቃጠሎ አየች።

«ምን ነካህ?»

«የጄኔሬተሩ ጭስ ማውጫ ነው፤ ሳላየው ነካሁት» አላት።

አንዳርጋቸውን ካየው ሁለት ወር እንደ ሆነው ተናገረ። የዳባቱን ሠርግ ቀርጾ እንደ ነበርና ዲስኩ ወድቆ እንደ ተሰበረበት፣ ለሙሽሮቹም ሰባራውን አሳይቶ ይቅርታ እንደ ጠየቀ አስታወሰ። አሮጌ ዲስኮቹን አምና ጎንደር በሄደበት ሳምንት እህቱ ቤት ስታጸዳ በጆንያ አድርጋ ለአንዳርጋቸው ለመለዋወጫ ሰጥታለች። እሱ ከዚህ በላይ የሚያውቀው የለም።

«የሚያሳዝኑኝ እማማ እታለም ናቸው» አለ ባንቻየሁ ልትወጣ ስትል። «የልጃቸውን ምስል ሊያዩ ደርሰው፣ ዲስኩም አብሮ ተቃጠለ።»

ባንቻየሁ ሻዩን አልጨረሰችውም። «አዎን፣ ያሳዝናሉ» አለችና ወጣች።

ከዚያ ወደ ታሸገው ክፍል ተመለሰች። የአንዳርጋቸውን አጉሊ መነጽር አድርጋ የተቃጠለውን ዲስክ ወደ በሩ ብርሃን አቀረበችው። የብየዳ ሙያ የላትም፤ ነገር ግን አባቷ ዳባት ገበያ ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ ተፈትቶ ተመልሶ የተሰፋ ጨርቅ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። በሪባኑ ጫፍ ያሉት ጥቃቅን የብየዳ ነጥቦች ሁሉ እንደዚያ ነበሩ። አንድ ጊዜ ብቻ የተበየደ ነጥብ ያብለጨልጫል፤ እነዚህ ግን ቀልጠው ረግተው፣ ቀልጠው ረግተው ደብዝዘዋል፤ ሥራቸውም ቡናማ ሆኗል። ይህ ሊድን የመጣ ዲስክ አይደለም። እጅ የሚፍታታበት ነው።

እንግዲያ እውነተኛው የት አለ?

እማማ እታለም ጋ ሄደች። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ ማንደጃው ወደ ነበረበት ባዶ ቦታ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። አንዳርጋቸው የሚያስቀምጥበት ሌላ ቦታ ነበረው ወይ ስትላቸው ብዙ አላሰቡም። ሥራ ሲያበቃ ሁልጊዜ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አምጥቶ ከእሳቸው የልብስ ሣጥን ውስጥ ያኖር ነበር፤ በእሱ ክፍል የብየዳ ጢስ አለ እያለ። ምን እንዳለበት ጠይቀውት አያውቁም። ሣጥኑን ከፈቱ። ከሚናስ ልብሶች መካከል ቆርቆሮው ነበር።

በውስጡ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ዲስክ ተገኘ፤ ጎኑ ላይ «ዳባት፣ ጥር» የሚል ጽሑፍና የሙሌ ስቱዲዮ ማኅተም አለበት። አንዳርጋቸው በያንዳንዱ ሥራ ላይ እንደሚያደርገው ትንሽ ወረቀት በክር አስሮበታል። በእርሳስ የተጻፈው ይህ ነው፦ «ሪባኑ በመውደቅ አልተበጠሰም። በምላጭ ተቆርጧል። ሰባት ነጥብ ይበየዳል። ባለቤቱን መጠየቅ።»

በሠልስቱ ጧት ባንቻየሁ ሁሉንም ወደ እማማ እታለም በረንዳ አስጠራቻቸው። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡ። ደርቤ ከአጥሩ ጋ ቆመ፤ አሮጊቷ እንዳያዩት ያህል ፊቱን አዞረ። ሙሌ እስክሪብቶውን ከኪሱ እያወጣ እየመለሰ መሐል ላይ ነበር። ገዱ የግቢውን በር ይዟል። ጉሙ ጣራው ላይ ወርዶ ሰዎቹ ከትከሻቸው በላይ ደብዝዘው ይታዩ ነበር።

«እማማ፣ ይህን የምናገረው ለእርስዎ ነው» አለች ባንቻየሁ። «ሌሎቹ ይሰሙናል።»

አሮጊቷ ቀና አሉ።

«አንዳርጋቸው ማንደጃውን አላስገባውም። የተከፈተ ዲስክ ላይ የአንዲት ፍሬ አቧራ መውደቅ የሁለት ወር ሥራ ያጠፋል። መስኮቱን ያሸገው ለዚያ ነው፤ አንሶላውን የሚያረጥበው ለዚያ ነው፤ የኔታን እንኳ ከነጋቢያቸው ውጭ ያቆማቸው ለዚያ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በረዶ ቢጥል እጁን አጣጥፎ ይንቀጠቀጣል እንጂ፣ አመድ የሞላ ማንደጃ ከተከፈተ ዲስክ አጠገብ አያኖርም።»

«እኔ እኮ ነኝ አስገባው ያልሁት፣ በገዛ አፌ…» አሉ እማማ እታለም።

«ቃልዎን ሰምቶ ይሆናል፤ አልፈጸመውም። ደግሞም በከሰል አልሞተም። በከሰል የሞተ ሰው ከንፈሩ ይቀላል፤ የእሱ ጠቁሮ ነበር። ከጥርሱ መካከል የአንሶላ ክር ወጥቷል። ሰው ከኋላው መጥቶ በዚያ እርጥብ አንሶላ አፈነው። ከዚያ አንሶላውን መልሶ ሰቀለ፤ ማንደጃውን ከዚህ ከበረንዳው አነሣና አስገባ። ደባርቅ ውስጥ በብርድ ቀን የሞተ ሰው አጠገብ ማንደጃ ከተገኘ ማንም እንደማይጠይቅ ያውቃል። እኔም ሳጅን ገዱም ያው የዚሁ አገር ሰዎች ነን፤ ሳንጠይቅ ልናልፈው ጥቂት ቀርቶን ነበር።»

ገዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የመበየጃው ሙቀት እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነበር» ስትል ቀጠለች። «ያ ሪባን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነው። ባለሙያው በዚያ ሙቀት አይቀርበውም፤ ይነፋል፣ የሽቦ መንገዱም ይነሣል። ሙቀቱን የከፈተው ሪባኑን ማቃጠል የፈለገ ሰው ነው። እንግዲህ ገዳዩ የመጣው ለዲስኩ ነው። የኔታ የእሳቸው ዲስክ እንዲነሣ እንጂ እንዲሞት አይፈልጉም። ደርቤም ቢሆን ስሙን የሚያጠራለት የዳባቱ ዲስክ ነው፤ አንዳርጋቸውን እያስቸኮለ የነበረ ሰው ነው።»

እማማ እታለም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አጥሩ ዞረው ደርቤን አዩት። እሱ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሙሌ» አለች ባንቻየሁ፤ ድምፅዋን ሳትለውጥ። «አንዳርጋቸውን ከሁለት ወር ወዲህ አላየሁትም ብለኸኛል። በሞቱ ዋዜማ ስቱዲዮህ ገብቶ ወጥቷል። ዲስኩ ተቃጠለ ብለኸኛል። መቃጠሉን ከእኔና ከገዱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እማማም ከበሩ አላለፉም። እጅህን የጄኔሬተር ጭስ ማውጫ ነካኝ ብለኸኛል። ጭስ ማውጫ ሲያቃጥል እንደ መዳፍ ሰፊ ነው። የገብስ ቅንጣት የምታክል ቃጠሎ የሚተው፣ በሚታገል ሰው እጅ ውስጥ ያለ መበየጃ ነው።»

ሙሌ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እኔ የገዛ ሥራዬን ለምን አቃጥላለሁ ኢንስፔክተር? ደግሞ ስለ ዲስክ ብናኝ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል፤ ሙያዬ ነው።»

«ዲስክ ትጠቀማለህ። ከፍተህ የምታውቀው ግን አንዱን ብቻ ነው፤ እሱንም የከፈትኸው ልትገድለው ነው። ሊገድል የሚከፍት ሰው ደግሞ አቧራ አይፈራም።» ከጃኬቷ ውስጥ የብስኩት ቆርቆሮውን አወጣችና ክዳኑን አነሣች። «የዳባቱ ሠርግ አልተቃጠለም። አንዳርጋቸው አስቀድሞ በማይድን ዲስክ ላይ እጁን ሳያፍታታ የሰው ዲስክ አይነካም ነበር። ያቃጠልኸው መለማመጃውን ነው። ይኸው እውነተኛው። ሪባኑ በምላጭ መቆረጡን በእጁ ጽፎ አስሮበታል። ይህን ይዞ መጥቶ ‹ማን ቆረጠው› ብሎ የጠየቀህ በቅንነት ነው፤ የሠራኸውን አላወቀም ነበር። ዲስኩ ዛሬ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ሰባት ነጥብ ነው የቀረው።»

ከጣራው ጠርዝ ጠል ይንጠባጠብ ነበር። ሙሌ እስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ከዚያ ወዲያ እጁ የሚያደርገው ጠፋው።

«ካሜራውን አላጠፋሁትም ነበር» አለ በመጨረሻ።

ከዚያ በኋላ የተናገረው እየተቆራረጠ ነው። ሠርጉ ላይ ጠጥቶ ነበር፤ ካሜራውን ከጎኑ መቀመጫ ላይ ጥሎ መኪናውን አስነሣ። ሚናስን የገጨው ከዳባት ብዙም ሳይርቅ ነው። ሁሉንም ዲስኩ ላይ ከገለበጠው በኋላ ነው ካሜራው ሲቀርጽ እንደ ነበር ያወቀ፤ ድምፁ ሁሉ አለበት። ሙሽሮቹ ቪዲዮአችን እያሉ ሲመጡበት የሚያሳያቸው ሰባራ ዲስክ አስፈለገው፤ ሪባኑን ቆረጠና ያንኑ አሳያቸው። ሞቷል ብሎ ከሌሎቹ ጋራ ጣለው። እህቱ በጆንያ አድርጋ ስትሰጥ ግድም አልሰጠው፤ አንዳርጋቸው መጥቶ ‹ቁርጡ ንጹሕ ነው፣ ይነሣል› እስካለው ድረስ።

እማማ እታለም ከተቀመጡበት ተነሥተው ፊት ለፊቱ ቆሙ።

«ከመኪናው ስትወርድ ነፍሱ ነበረች?»

ሙሌ አንገቱን ደፋ።

«ንገረኝ ልጄ። አልመታህም።»

«ስሜን ጠራኝ» አለ።

አሮጊቷ ራሳቸውን በዝግታ ነቀነቁ፤ ለዓመታት የጠየቀው ነገር መልሱ እንደ ደረሰው ሰው። ገዱ መጥቶ የሙሌን ክንድ ያዘ። ሁለቱ ከግቢው ሲወጡ ጉሙ ወዲያው ዋጣቸው።

ባንቻየሁ ቆርቆሮውን ስትዘጋ እማማ እታለም እጃቸውን ክዳኑ ላይ አሳረፉ። «ሲነሣ ጥሪኝ» አሏት። «የጨፈረበትን ብቻ አሳዪኝ። የቀረውን አልይ።»

«እሺ እማማ።»

«እንግዲያ እኔ አልገደልሁትም።»

«አልገደሉትም።»

እፎይ ይላሉ ብላ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው ተሰበረ። ሦስት ቀን ሙሉ የያዛቸው ጥፋት እንባ አስቀርቶባቸው ነበር፤ ጥፋቱ ሲነሣ ሰውዬው ከመሞቱ በቀር የቀረ ነገር አልነበረም። ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ በክንዳቸው ሰሌን ይዘዋል። በረንዳው ላይ፣ የማንደጃው ቦታ በነበረበት፣ ሰሌኑን ዘርግተው ተቀመጡ።

የኔታ ሳይነገራቸው ተነሥተው ጸሎተ ፍትሐቱን በዝግታ ጀመሩ። ደርቤ ከአጥሩ ጋ እንደ ቆመ «ድንኳኑን ላምጣ እማማ?» አለ፤ እሳቸውም «አምጣልኝ» አሉት። በአራት ዓመት ውስጥ የመለሱለት የመጀመሪያ ቃል ነው። እሱ ባርኔጣውን እንደ ያዘ ሮጠ።

ባንቻየሁ ቢሮ መግባት ነበረባት፤ የምትጽፈው ብዙ ነው። መለዮዋን አውልቃ ከሰሌኑ ጠርዝ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ጎረቤቱ የጸሎቱን ድምፅ ሰምቶ አንድ አንድ እያለ መምጣት ያዘ። ቀድማ የደረሰችው ከላይ ሰፈር የመጣች፣ ወሬው ያልደረሳት ሴት ነበረች። ሰሌኑን አየች፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች፣ ከበሩ ላይ ግራ ገብቷት ቆመች።

«እትየ እታለም፣ ለማን ነው የተቀመጥሽ?»

«ለልጄ ነው» አሉ እማማ እታለም። «ለሁለተኛው።»

ሴትዮዋ ጫማዋን አወለቀች። ባንቻየሁም ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።